የፍላንድር ከብት ነጂ ውሻ፤ ጥንተ ነገሩ፣ ግብሩና አያያዙ

በምዕራብ ቤልጂግና በሰሜን ፈረንሳይ ወሰን ላይ በተዘረጋው፣ ዝናብና ጭጋግ በማይለየው የፍላንድር ሜዳ ላይ የተወለደውና ፈረንሳዮች «ቡቪዬ ደ ፍላንድር» ብለው የሚጠሩት ውሻ፣ ምንም እንኳ ዛሬ ስሙ በትርኢት አደባባይና በባለጸጎች ቅጥር ግቢ የሚነሣ ቢሆን፣ በጥንተ ግብሩ ከብት ነጂ ነው። ስለዚህ ውሻ የተጻፈውንና የተነገረውን ሰብስቦ ለሚመረምር ሰው ነገሩ በመጀመሪያ ብዙ ቦታ የተከፋፈለ ይመስለዋል፤ አንዱ ስለ ዘሩ አመጣጥ ይከራከራል፣ ሌላው የቁመቱንና የጠጉሩን ደንብ ይጽፋል፣ ሐኪሙ ስለ ማንቁርቱና ስለ ዳሌው ያትታል፣ የትርኢቱ ዳኛ የጢሙን ማማር ያደንቃል። እኔ ግን እንደሚመስለኝ እነዚህ ክርክሮች ሁሉ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ይኸውም ለሥራ የተበጀ ፍጥረት ሥራው ከጠፋ በኋላ በምን ሥርዐት ሊያዝ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ነው። በዚህ ዳሰሳ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

መልኩን ከሥራው ለይቶ መግለጽ አይቻልም። ዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን በ191ኛ ቍጥር የመዘገበው የመልክ ደንብ ለወንዱ ከ62 እስከ 68፣ ለሴቷ ከ59 እስከ 65 ሳንቲሜትር የትከሻ ቁመት ይወስናል፤ ክብደቱም ለወንዱ ከ35 እስከ 40፣ ለሴቷ ከ27 እስከ 35 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ጀርባው አጭር፣ ደረቱ ሰፊና ጥልቅ፣ እግሮቹ በአጥንትና በጡንቻ የጸኑ ናቸው፤ ራሱ በተፈጥሮው ትልቅ ሲሆን፣ ሪዙና ጢሙ ከእውነተኛው መጠን ይልቅ አግዝፈው ያሳዩታል፣ ቅንድቡም በዐይኑ ላይ ወርዶ የተቈጣ ሰው መልክ ይሰጠዋል። ጠጉሩ ድርብ ነው፤ የላይኛው 6 ሳንቲሜትር ያህል የሚረዝም፣ ደረቅና ሲዳስሱት የሚሻክር፣ እንደ መንዝ በርኖስ ዝናቡን ከላዩ የሚያንሸራትት ሲሆን፣ የውስጡ ግን ሥሥና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ ግራጫ፣ ዝንጉርጉር ወይም ወደ ከሰል የሚያደላ ነው፤ ጥቁሩ ይፈቀዳል እንጂ አይመረጥም።

የፍላንድር ገበሬ ባለጸጋ ስላልነበረ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚቀለብ ውሻ ሊኖረው አይችልም ነበር። ስለዚህ ላሞችን ወደ መስክ የሚነዳው ውሻ ራሱ በጋሪ ተጠምዶ ወተት ያመላልሳል፣ ቅቤ የሚንጠውን መንኰራኵር እየረገጠ ያዞራል፣ ሌሊትም ደጅ ይጠብቃል፤ በገበያ ቀን ደግሞ የከብት ነጋዴውን ተከትሎ ከመንደር ወደ ከተማ የሚሄደውን መንጋ ከኋላ እየገፋ፣ ከመንገድ የወጣውን እየመለሰ ያደርሳል። የአነዳዱም ጥበብ ከበግ ጠባቂ ውሾች የተለየ ነው። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ወሰን ያለው የታወቀው በግ ጠባቂ አጎንብሶና ዐይኑን ተክሎ በጎቹን በዕይታው ብቻ ሲያስገድድ፣ ይህ ግን ቀጥ ብሎ ይቀርብና በደረቱና በትከሻው ይገፋል፣ ይጮኻል፣ አልሰማ ያለውንም ሰኮናው አጠገብ ነከስ ያደርጋል። ላም በዕይታ የምትፈራ እንስሳ አይደለችምና በአራት መቶና በአምስት መቶ ኪሎ ሥጋ ፊት ለመቆም ክብደትና ድፍረት ያስፈልጋል። ይህን ነገር የእኛ አገር ሰው ሲሰማ ይደነቅ ይሆናል፤ በእኛ ዘንድ ከብት የሚነዳው በትሩን የያዘ እረኛ ልጅ ሲሆን፣ ውሻው ከመንጋው ጋር ቢውልም ግብሩ ጅብና ቀበሮን ማባረር ነው እንጂ ላምን ከላም መለየት አይደለም።

ስለ ጥንተ ዘሩ ብዙ ተብሏል፤ የተረጋገጠው ግን ጥቂት ነው። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ትረካ ነገሩን ከገዳም ይጀምረዋል። በ1107 ሊጌሪዩስ የሚባል ባሕታዊ በኮክሳይዴ አሸዋማ የባሕር ዳርቻ የመሠረተው፣ በ1138ም የሲስተርስያውያንን ሥርዐተ ምንኵስና የተቀበለው የቴር ዱይነን ገዳም፣ መነኮሳቱ ባሕር የለቀቀውን መሬት እያቀኑ ሰፊ እርሻና ብዙ መንጋ ያፈሩበት፣ ከእንግሊዝም ጋር በሱፍ የተገበያዩበት ደብር ነበር። ትረካው እንደሚለው እነዚህ መነኮሳት ከባሕር ማዶ ያስመጧቸውን ረጃጅምና ሻካራ ጠጉር ያላቸውን አዳኝ ውሾች ከአገሩ የገበሬ ውሻ ጋር ስላዳቀሉ ይህ ጢማም ዘር ተገኘ። ትረካው ያማረ ነው፤ መነኮሳት ወይኑን፣ አይቡንና የመድኃኒት ዕፁን እንዳሻሻሉ የሚያውቅ ሰው ውሻንም አሻሻሉ ቢባል ለማመን አይከብደውም። ነገር ግን በ12ኛው መቶ ዓመት በገዳም በነበረው ውሻና በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በገበሬ ደጅ በተገኘው ውሻ መካከል ያለው የሰባት መቶ ዓመት ዘመን በሰነድ የተሞላ አይደለም። የዘር መዝገብ ባልነበረበት ጊዜ ገበሬ ውሻውን ያዳቅል የነበረው የትውልድ ሐረግ ቈጥሮ ሳይሆን ብርታቱን አይቶ ነውና፣ እኔ የዚህን ውሻ አባቶች በገዳም ከመፈለግ ይልቅ በከብት ገበያ መንገድ ላይ መፈለግ ይበልጥ ያሳምነኛል።

ከሊቃውንት ወገን ይህን የገበሬ ውሻ አስቀድሞ ልብ ያለውና አርቢዎች ጠባዩን እንዲያስተውሉ ያሳሰበው በብራስልስ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት መምህር የነበረው ፕሮፌሰር ሬል ነው። በዚያን ጊዜ ግን አንድ ዘር ተብሎ የሚጠራ ነገር አልነበረም፤ በየአውራጃው ያለው ከብት ነጂ ሁሉ በመጠንም በቀለምም የተለያየ ነበርና። በ1910 በብራስልስ በተደረገው ዓለም አቀፍ የውሻ ትርኢት ላይ ፓሬ የተባለ የጌንት ከተማ ሰው ሬክስና ኔሊ የሚባሉ ሁለት ውሾች ይዞ በቀረበ ጊዜ የከተማው ሕዝብ ይህን የገጠር ሠራተኛ እንደ አንድ ዘር ቈጥሮ ማየት ጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1912 በምዕራብ ፍላንድር በምትገኘው በሩሰላሬ ከተማ አርቢዎች ተሰብስበው የመጀመሪያውን የመልክ ደንብ ጻፉ። ስምምነቱ ግን ሙሉ አልነበረም፤ አንዱ ወገን የጌንቱን ዓይነት፣ ሌላው ግዙፉንና ጠቈር ያለውን የሩሰላሬን ዓይነት ይደግፍ ነበር፤ በፈረንሳይ በኩል ያሉትም የራሳቸው አስተያየት ነበራቸው። ሁለቱ አገሮች አንድ የጋራ ደንብ ይዘው እስኪጸኑ ድረስ እስከ 1965 መቈየት ግድ ሆኗል፤ እኔ እንደምገምተው ይህን ያህል ዘመን የወሰደው ክርክሩ በእውነት ስለ ውሻው ብርታት ሳይሆን ስለ ጠጉሩ ቀለም ስለ ነበረ ነው።

ይህ ክርክር ሳይበርድ በነሐሴ 1914 የጀርመን ጦር ቤልጂግን ወረረ። የውሻው የትውልድ ስፍራ ከጦር ሜዳዎቹ ሁሉ እጅግ የከፋው ሆነ፤ ሩሰላሬ በጠላት እጅ ወደቀች፣ ይፐር በመድፍ ፈረሰች፣ ቤልጂጎችም የጀርመንን ግስጋሴ ለመግታት በኒውፖርት ያሉትን የባሕር መዝጊያዎች ከፍተው የአይዘርን ሜዳ በውኃ አጥለቀለቁት። ገበሬው ከብቱንና ቤቱን ጥሎ ሲሰደድ ውሻው ከብቱን ተከትሎ ጠፋ፤ ከጥይትና ከረኀብ የተረፈውንም ሠራዊት ወሰደው፤ ውሻ በጋሪ መጥመድ በዚያ አገር የቈየ ልማድ ነውና የቤልጂግ ጦር መትረየስ በውሻ ያስጎትት ነበር። ሰላም በሆነ ጊዜ በአርቢዎች እጅ የተገኘው ጥቂት ብቻ ነበር። ከነዚህ መካከል ከሁሉ የከበረው አንድ የሠራዊቱ የእንስሳት ሐኪም ያቈየው፣ በምሽግ ውስጥ ያገለገለው ኒክ ደ ሶተገም ነው። ይህ ውሻ በ1920 የኦሊምፒክ ጨዋታ በተደረገባት በአንትወርፕ ከተማ በትርኢት ቀርቦ የዘሩ ፍጹም አምሳል ተብሎ ተመሰገነ፤ በ1926 እስኪሞት ድረስም ብዙ ልጆች ስለ ወለደ ዛሬ በዓለም የሚገኙት የፍላንድር ውሾች የትውልድ ሐረግ ወደ ኋላ ሲቈጠር እርሱ ጋ ይደርሳል።

ስለ ኒክ የሚጽፉ ሁሉ ይህን እንደ በረከት ብቻ ይቈጥሩታል። በረከትነቱን አልክድም፤ እርሱ ባይኖር ዘሩ እንደ ሩሰላሬው ወንድሙ ስሙ ብቻ በቀረ ነበር። ከአርዴን ኰረብቶች የሚመጣው ሌላው ዘመዱ እንኳ ጠፋ ከተባለ በኋላ ነው በ1985 አካባቢ ጥቂት ተራፊዎች በየእርሻው የተገኙለት። ነገር ግን አንድ ሕዝበ እንስሳ ከጥቂት አባቶች ብቻ ሲወለድ መልካሙ ብቻ አይባዛም፤ በደሙ ተሰውሮ ያለው ጕድለትም አብሮ ይባዛል። ኋላ ስለ ሕመሙ በምናትትበት ጊዜ ይህን ማስታወስ ይገባል።

ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በኋላ ከብት በእግር ወደ ገበያ መንዳት ቀረ፤ ባቡርና የጭነት መኪና የነጂውንና የውሻውን እንጀራ አንድ ላይ ወሰዱት። ውሻው ግን ሥራ አላጣም፤ የፖሊስና የሠራዊት ሹማምንት ድፍረቱንና ታዛዥነቱን አይተው በዘበኝነት፣ በመልእክትና በፍለጋ አሰማሩት። ቤልጂጎችም አንድ ሕግ አጸኑ፤ ይኸውም አንድ የፍላንድር ውሻ በመልኩ ብቻ የሻምፒዮንነት ማዕርግ እንዳያገኝ፣ አስቀድሞ በፖሊስ ወይም በመከላከያ ወይም በሠራዊት ሥራ ፈተና ሽልማት እንዲያገኝ የሚያዝ ነው። ይህን ሕግ እኔ ከልብ አመሰግነዋለሁ፤ ለትርኢት ብቻ የተዳቀሉ ዘሮች እንዴት እንደ ተበላሹ ያየ ሁሉ ጥበቡን ይረዳዋል። ሆኖም አንድ የጐደለው ነገር አለ። በፈተናው የሚመዘነው እጀ ወፍራም ልብስ የለበሰን ሰው የመንከስ ድፍረት ነው፤ ከብት መንዳት ግን ከድፍረት ይልቅ ልክ ማወቅን ይጠይቃል፤ ላሚቱ እንድትሄድ ያህል ብቻ መጫን፣ ስትሄድም ወዲያው መተው። ይህ ጠባይ በፈተና ካልተመዘነ ከትውልድ ወደ ትውልድ መተላለፉን የሚያረጋግጥ የለም። ዛሬ በአሜሪካ በሚደረጉት የከብት አነዳድ ውድድሮች አንዳንድ ባለቤቶች ይህን ውሻ ከላም ፊት መልሰው እያቆሙት መሆናቸው ስለዚህ ደስ የሚያሰኝ ነው።

ወደ አሜሪካ የተሻገረው በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ሲሆን የአገሩ የውሻ ማኅበር በ1929 ተቀበለው፤ በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ ከቤልጂግ ሸሽታ በፔንሲልቫኒያ የተቀመጠችው ኤድሜ ቦውልዝ ያራባቻቸው ውሾችም በዚያ አገር ዘሩን አጸኑት። በሆላንድ ደግሞ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እጅግ ተወዶ በየከተማው ቤት ገባ። መወደድ ለውሻ ሁልጊዜ መልካም አይደለም፤ ፈላጊ ሲበዛ የሚያራባ ሁሉ አርቢ ነኝ ይላልና።

የውሻው ዝና ከአንድ ልብ ወለድ ጋር የተያያዘ መሆኑን ሳልጠቅስ አላልፍም። ዊዳ በሚል የብዕር ስም የታወቀችው እንግሊዛዊት ደራሲ በ1872 ያሳተመችው «የፍላንድር ውሻ» የተባለው ታሪክ፣ በአንትወርፕ አጠገብ የወተት ጋሪ የሚጎትተውን ፓትራሽን በተለይ በጃፓን ልጆች ዘንድ እጅግ የተወደደ አድርጎታል። ብዙ ሰዎችም ፓትራሽ የእኛው ጢማም ውሻ ነው ይላሉ። ነገር ግን መጽሐፉ የሚገልጸው ቢጫ ጠጉርና ቀጥ ብሎ የቆመ ጆሮ ያለው ትልቅ የጋሪ ውሻ ነው፤ ጢም የሚባል ነገር አልተነሣበትም።

አሁን ወደ አያያዙ እንግባ። መጀመሪያ የሚመጣው የጠጉሩ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ይህን ውሻ በመልኩ ወድዶ የወሰደ ሰው ከሁሉ ቀድሞ የሚሰለቸው በዚህ ነው። ጠጉሩ እንደ ሌሎች ውሾች እየረገፈ ምንጣፍ አይሞላም፤ የሞተው የውስጥ ጠጉር ከላይኛው ጋር ተጠላልፎ እዚያው ይቀራልና ባለቤቱ ካላወጣው የሚያወጣው የለም። ስለዚህ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ጠጉሩን በእጅ እየከፈሉ ከሥሩ፣ ከቆዳው ጀምሮ በብረት ማበጠሪያ ማበጠር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ላይ ላዩን በብሩሽ ያለሰልስና ውሻው አምሮ ሲታየው ይረካል፤ ከሥር ግን በብብቱ፣ በብሽሽቱ፣ ከጆሮው ኋላና በክርኑ አጠገብ ያለው ጠጉር ተቋጥሮ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ፣ እርጥበት ይዞ ቆዳውን ያቈስለዋል። በጣቶቹ መካከል የሚበቅለውም ጭቃና እሾህ ስለሚሰበስብ መቈረጥ አለበት፤ የጆሮው ውስጥ ጠጉርም አየር ከልክሎ እንዳያመግል በየጊዜው ይታያል። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ጠጉሩ ይስተካከላል፤ በዚህም ላይ ሁለት ወገን አለ። አንዱ በኤሌክትሪክ መላጫ ፈጥኖ ይጨርሳል፤ ሁለተኛው የሞተውን ጠጉር በጣትና በትንሽ ቢላ እየነቀለ ያወጣል። ሁለተኛው አድካሚ ነው፤ ነገር ግን መላጫ የደጋገመበት ጠጉር እየለሰለሰ ሄዶ ዝናብ የመከላከል ግብሩን ስለሚያጣ፣ ውሻው ውጭ የሚውል ከሆነ ድካሙን መምረጥ ይሻላል።

ጢሙ የራሱ ሐተታ ያስፈልገዋል። የፍላንድር ገበሬዎች በቋንቋቸው «ቆሻሻ ጢም» ብለው ይጠሩት የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ውሃ በጠጣ ቍጥር ግማሹን በጢሙ ተሸክሞ ወደ ቤት ይገባል፣ የበላውም ፍርፋሪ እዚያው ይሻግታል። ከምግብ በኋላ በጨርቅ መጥረግ፣ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ አጥቦ ማድረቅ ይበቃል። ገላውን ግን ደጋግሞ ማጠብ አያስፈልግም፤ በታጠበም ጊዜ እስከ ቆዳው ካልደረቀ ከጥቅጥቁ የውስጥ ጠጉር ሥር የሚቀረው እርጥበት በአንድ ሌሊት ቁስል ያወጣበታል።

ስለዚህ ውሻ አያያዝ ከተነገረው ሁሉ እኔ ከፍ አድርጌ የምመለከተው ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ፍጥረት በሁለት መጋረጃ የተሸፈነ ነው፤ አንዱ ጠጉሩ፣ ሁለተኛው ትዕግሥቱ። በላም ሰኮና እየተመታ ሥራውን እንዲቀጥል በትውልድ ሁሉ የተመረጠ ስለሆነ ሕመሙን አይናገርም፤ ሌላ ውሻ በሚያለቅስበት ቁስል እርሱ ዝም ብሎ ይተኛል። ቢከሳ ጠጉሩ ይደብቀዋል፣ ቢወፍርም እንዲሁ፤ መዥገርና ቁንጫ፣ እብጠትና ቁስል በዐይን አይታዩም። ስለዚህ የማበጠሪያው ሰዓት ለውበት ብቻ የተመደበ ሊሆን አይገባም፤ እጅ ከራስ ጀምሮ እስከ ጅራት ሥር ድረስ ቀስ ብሎ እየተጓዘ፣ የጎድን አጥንቱን እየቈጠረ፣ ባለፈው ሳምንት ያልነበረውን እብጠት እየፈለገ፣ መገጣጠሚያውን እያጠፈና እየዘረጋ ሊመረምር ይገባዋል። በዚህ ልማድ የጸና ባለቤት ብዙውን ሕመም ሥር ሳይሰድ ያገኘዋል።

ጆሮውንና ጅራቱን ስለ መቍረጥ የተደረገው ክርክር ዛሬ በአውሮፓ ያለቀ ነው ማለት ይቻላል። የጥንት ከብት ነጂዎች ጅራት በላም እንዳይረገጥና ጆሮ በንክሻ እንዳይቀደድ ይቈርጡ ነበር፤ ይህ ምክንያት በሠራተኛ ውሻ ላይ ጥቂት ክብደት ቢኖረውም በምንጣፍ ላይ ለሚተኛ ውሻ ግን ምንም የለውም። የአውሮፓ ምክር ቤት በ1987 ያወጣው የቤት እንስሳት ጥበቃ ስምምነት ይህን መሰሉን ለመልክ ብቻ የሚደረግ ቈረጣ ከልክሏል፤ ቤልጂግም በ2006 ጅራት መቍረጥን አግዳለች። በአሜሪካ ግን አሁንም በባለቤቱ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። ከነዚህ ውሾች አንዳንዶቹ ጅራት አልባ ሆነው መወለዳቸውን የሚያውቅ ሰው፣ ተፈጥሮ ለወደደችው ስትሰጠው ለሌላው በመቀስ ማዳረስ ለምን እንዳስፈለገ ይጠይቃል።

ከሕመሞቹ ሁሉ ለዘሩ መለያ የሆነው የማንቁርት ሽባነት ነው። ጤነኛ ውሻ አየር በሚስብበት ጊዜ ማንቁርቱ በጡንቻ ኃይል ይከፈታል፤ ጡንቻውን የሚያዘው ነርቭ ሲደክም ግን ሳይከፈት ይቀርና ውሻው በጠበበ ቀዳዳ ለመተንፈስ ይታገላል። በሌሎች ትላልቅ ዘሮች ይህ የእርጅና ሕመም ሲሆን በፍላንድር ውሻ ግን በወራት ዕድሜ ባሉ ወጣቶች ላይ ታየ፤ በሆላንድ የኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞችም በ1970ዎቹ ማብቂያና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባደረጉት ምርምር ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ መሆኑን አሳዩ። ምልክቱ ሲሮጥ የሚሰማ የሲርሲርታ ድምፅ፣ የጩኸቱ መለወጥ፣ ፈጥኖ መድከምና በሙቀት ቀን መውደቅ ነው። የተዘጋውን ጎን በቀዶ ጥገና ከፍቶ ማሰር ይቻላል፤ ዋናው መድኃኒት ግን የታመመውንና የታመመ የወለደውን ከመራቢያነት ማስወጣት ነው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተመረመረ ሌላም ሕመም አለ፤ የመዋጫ ጡንቻ ሲመነምን ውሻው ምግቡን መዋጥ ያቅተዋል፣ አንዳንዴም የበላው ወደ ሳንባው ይገባል።

ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር መነሻው ላይ መጥበብ፣ የዐይን ውስጥ ፈሳሽ መውጫ ተዛብቶ የሚመጣው ግላኮማ፣ የዳሌ መገጣጠሚያ ልል መሆን፣ እነዚህም ይገኙበታል። ስለዚህ ቡችላ የሚገዛ ሰው ስለ ሜዳልያ ከመጠየቁ በፊት የሁለቱን ወላጆች የዳሌ ራጅ፣ የልብና የዐይን ምርመራ ወረቀት ይጠይቅ፤ በአሜሪካ ያለው የእንስሳት አጥንት መዝገብ የዳሌን ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ውሻው ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላ ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ዓመቱ የወለደ አባት ወረቀት አለው ቢባል ነገሩን መመርመር ይገባል።

በሰዓታት ውስጥ የሚገድለው ግን የሆድ መነፋትና መጠምዘዝ ነው። ደረቱ ጥልቅ የሆነ ውሻ ሁሉ ይህ ያሠጋዋል፤ ጨጓራው በጋዝ ተነፍቶ በራሱ ላይ ይዞርና መግቢያውም መውጫውም ይዘጋል፣ ደሙም ይቋረጣል። ውሻው ሊያስመልስ እየታገለ ምንም ካልወጣው፣ ምራቁ ከበዛ፣ ሆዱ ከጎድኑ በታች ተወጥሮ እንደ ከበሮ ከጮኸ፣ ነገ ጧት ማለት የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መሮጥ ግድ ነው፣ የሚድነውም በቀዶ ጥገና ነው። መጠንቀቂያው ቀለል ያለ ነው፤ የቀኑን ምግብ በሁለትና በሦስት ጊዜ ከፍሎ መስጠት፣ ከበላ በኋላ እንዳይሮጥ መከልከል፣ በጥድፊያ የሚውጠውንም ማዘግየት። አንዳንድ ሐኪሞች ጨጓራውን ከሆድ ግድግዳ ጋር አስቀድመው ይሰፉታል፤ በዘሩ ይህ ሕመም የታየ እንደ ሆነ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ቡችላው ቶሎ ይገዝፋል፤ ቶሎ ግን አይበስልም። አካሉም ጠባዩም የሚጸናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ሲሆነው ነው፤ በዚህ መካከል አብዝቶ ማብላትና ረጅም ደረጃ ማስወጣት፣ ከፍ ካለ ቦታም ማዝለል ገና ያልጸና መገጣጠሚያውን ይጎዳል። ጋሪ ማስጎተት የሚፈልግ ሰውም አጥንቱ እስኪጠና ይታገሥ።

ስለ ትምህርቱ የተጻፈው እርስ በርሱ ይቃረናል። አንዳንዱ ጽኑ ውሻ ስለሆነ ጽኑ እጅ ይፈልጋል ይላል፤ ሌላው ሁሉንም በጉርሻ ማስተማር ይቻላል ይላል። የሚሠሩበት ሰዎች የሚሉት ግን በመካከል ነው፤ ይህ ውሻ ከነጂው ርቆ በራሱ ፍርድ እንዲሠራ የተበጀ ነውና የማያሳምነውን ትእዛዝ ቆሞ ይመረምራል፣ በዱላ ያዘዙትንም ይቀየማል፤ አንድ ጊዜ የተሰጠው ትእዛዝ ሁልጊዜ ያው ከሆነ ግን በታማኝነት ይፈጽመዋል። በቤት ውስጥ ከብት ባጣ ጊዜ የሚነዳ ነገር ይፈልጋል፤ የሚሮጡ ሕፃናትን በትከሻው እየገፋ ወደ አንድ ጥግ ሊሰበስብ ይችላል። ይህ ክፋት ባይሆንም አርባ ኪሎ የሚመዝን ውሻ የሦስት ዓመት ሕፃን ሲገፋ ውጤቱ ያው ነውና፣ ከቡችላነቱ ጀምሮ ሊገታ ይገባል።

የዚህ ሁሉ ምስክር በዋሽንግተን ታይቷል። በ1984 ማብቂያ ለፕሬዚዳንት ሬገን ቤተ ሰብ ላኪ የተባለች የፍላንድር ቡችላ ተበረከተች። በየካቲት 1985 የእንግሊዝዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር በጐበኙ ጊዜ ፕሬዚዳንቱ በላኪ ገመድ እየተጎተቱ የታዩበት ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ወጣ፤ ዓመቱም ሳያልቅ ውሻዋ በካሊፎርኒያ ወዳለው የቤተ ሰቡ የከብት እርሻ ተላከች፤ በምትኳም ትንሽ የጭን ውሻ ገባ። ቤተ መንግሥቱ አትክልትም ዘበኛም ሞግዚትም ነበረው፤ የጐደለው የሚነዳ ነገርና ሰፊ መሬት ነበር።

ከዚህ የተነሣ በአፓርታማ ለሚኖርና ሙሉ ቀን ከቤት ለሚርቅ ሰው ይህን ውሻ አልመክርም። ጓሮ ብቻውን አይበቃም፤ ብቻውን በጓሮ የተተወ የፍላንድር ውሻ አጥር ሥር ይተኛል እንጂ ራሱን አያሠራም። በቀን ሁለት ጊዜ ረጅም መንገድ የሚሄድለት፣ ጋሪ ወይም ፍለጋ ወይም ከብት የሚያለማምደው፣ በበጋ ቀትር ጥላና ውሃ የሚያዘጋጅለት፣ ማበጠሪያውንም የማይሰለች ሰው ግን አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት የሚኖር ባልንጀራ ያገኛል። ቡችላ ማሳደግ የሚከብደው ሰው ባለቤት ያጡ የዚህ ዘር ውሾችን የሚሰበስቡ ማኅበራት በአሜሪካም በአውሮፓም ስላሉ፣ ጠባዩና ጤናው ታውቆ ያደገ ውሻ ከእነርሱ መውሰድ ይችላል። በዚያም ጊዜ የማንቁርቱን ድምፅ በሩጫ ላይ ሰምቶ፣ ዳሌውን በሐኪም አስመርምሮ፣ ከላም ወይም ከሕፃናት ጋር ሲገናኝ የሚያደርገውን በዐይኑ አይቶ ይውሰድ።